አከራዩ ኤሊ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው የጋላፓጎስን ሕግ ለመረዳት አይቸገርም። ከኢኳዶር ጠረፍ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑት እነዚህ ደሴቶች ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ ግን ሰው አይደለም። ከየብሱ 97 ከመቶው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዋናውን ቤት ኤሊው፣ ኢጓናው፣ የባሕር አንበሳውና እግሩ ሰማያዊ የሆነው ቡቢ የሚሉት ወፍ ይዘውታል። ሰው በቀረችው 3 ከመቶ ላይ በጓሮ በኩል ተጠግቶ ይኖራል።

አከራዮቹም የዋዛ አይደሉም። የግቢው በር ጠዋት 12 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ከሁለት ሜትር አልፎ መጠጋት የለም። መንካት የለም፣ ማጉረስ የለም፣ የካሜራ ብልጭታ የለም፣ ከተሠመረው መንገድ መውጣት የለም፤ አብዛኛው ቦታ ላይ ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስም የለም። "ዘመድ አምጥቶ ማሳደር ክልክል ነው" የሚለው ቀረ እንዳይባል፣ እሱም አለ፦ ከ1998 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ባለው ልዩ ሕግ ኢኳዶራዊው ራሱ ከዋናው አገር ተነስቶ እንዳሻው እዚያ መስፈር አይችልም። ቀብዱም አይቀመስም። ለአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ መግቢያው 100 ዶላር ነበር፤ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ 200 ገብቷል። ምነው ሲሉት "ኑሮ ተወደደ" ብሎ የሚመልስ ኤሊ ግን አላጋጠመኝም።

ሻንጣ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ ይፈተሻል። ፍራፍሬ፣ አፈር፣ ዘር የሚባል ነገር ወደ ግቢው አይገባም። በዚህ የተነሳ ቤታችን ውስጥ የቆሎ ክርክር ተነስቶ ነበር። ባለቤቴ ያለ ቆሎ መንገድ አትወጣም። "ዘር ማለት የሚበቅል ነው፤ ይኼ ተቆልቷል፣ ታሽቷል፣ ሱፍ ገብቶበታል፣ ከምኑ ሊበቅል ነው?" አለች። መከራከሪያው ጠንካራ ነበር። ነገር ግን እሱን በስፓኒሽ ማስረዳት የሚችል ከመካከላችን ስላልነበረ ቆሎው ቤት ቀረ።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ከሆነ ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንስሳ ለማየት እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ክፍሉን ውሃ ላይ ይከራይ ወይስ መሬት ላይ? አንደኛው መንገድ በመርከብ እየዞሩ፣ መርከብ ላይ እያደሩ ነው። ሁለተኛው ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ ማረፊያ ይዞ፣ በቀን በቀን በጀልባ ወጣ እያሉ መመለስ ነው። እኛ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሁለት ወገን ፈጥሯል። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ በመርከብ ሄዳለች። እኛ በየብስ። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አቦል በሰላም ይጠጣል፤ ቶና ላይ ክርክሩ ይጀመራል፤ በረካ ላይ አማቴ "በቃችሁ" ትላለች።

ዋርሳዬ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት። ለምን መርከብ እንደመረጠች ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው። "ዓመቱን ሙሉ ሰው ሳስተኛ፣ ሰው ሳነሳ፣ ሰው ሳበላ ነው የምከርመው። ለአንድ ሳምንት ደግሞ እኔን ያስተኙኝ፣ ያንሱኝ፣ ያብሉኝ።" በዚህ ላይ ምን ይባላል? መርከቡም ቃሉን ጠብቋል። ሻንጣዋን አንድ ጊዜ ፈታች፣ አንድ ጊዜ ጠቀለለች። ማታ እራት በልታ ስትተኛ መርከቡ ይጓዛል፤ ጠዋት ስትነቃ ሌላ ደሴት መስኮቷ ላይ ቆሟል። ከቁርስ በኋላ ፓንጋ በሚሏት ትንሽ ጀልባ ወደ ደሴቱ ትሻገራለች። አወራረዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ደረቅ አወራረድ ድንጋይ ላይ፣ እርጥብ አወራረድ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ። ከቀትር በኋላ ሌላ ቦታ፣ ማታ አስጎብኚው የነገውን ያስረዳል፣ ደግሞ እራት።

እዚያ ባሕር ላይ የሚዞሩት መርከቦች፣ ማስታወቂያ ላይ የምናያቸው ሦስት ሺህ ሰው የሚጭኑ፣ ካሲኖና የውሃ መንሸራተቻ ያላቸው ፎቆች አይደሉም። ትልቁ ከ100 መንገደኛ በላይ አይጭንም፤ ብዙዎቹ 16 ሰው ብቻ ነው የሚይዙት። አስራ ስድስት የሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ አስጎብኚ ይዞ እንዲወርድ የሚፈቀድለት ያን ያህል ሰው ነው። ከዚህም ሌላ አንድ መርከብ በ14 ቀን ውስጥ ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ አይጎበኝም፤ ባለቤቶቹ እንግዳ ሲበዛባቸው እንዳይሰለቹ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያው መርከብ በዚህ ሳምንትና በሚቀጥለው ሳምንት የሚዞረው ሌላ ሌላ መንገድ ነው። መርከብ የሚመርጥ ሰው አልጋውን ከማየቱ በፊት የሚዞርበትን ካርታ ይይ። አልጋው ማታ ማታ መወዛወዙ አይቀርም፤ ፈርናንዲና ወይም ሄኖቬሳ የሚባሉት ደሴቶች ካርታው ላይ ከሌሉ ግን ያ ሁሉ ሺህ ዶላር ለምን ወጣ?

ለዋርሳዬ የምገብርላት እዚህ ላይ ነው። ፈርናንዲናና የኢዛቤላ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ሰሜን ራቅ ብላ ያለችው ሄኖቬሳም፣ ከከተማ ተነስቶ በቀን ደርሶ መልስ የሚገባባቸው አይደሉም። ጥቁር ገሞራ ድንጋይ ላይ በመቶ የሚቆጠር የባሕር ኢጓና ተደራርቦ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት፣ መብረር ትቶ ክንፉ የኮሰመነበትን ኮርሞራንት የሚሉትን ወፍ ጎጆው አጠገብ ቆሞ ማየት፣ እግሩ ቀይ የሆነውን ቡቢ ከነመንጋው ማየት የፈለገ ሰው መርከብ ይሳፈር። ምድር ላይ ያለ ወፍ ሁሉ ለመብረር ሲጣጣር ያ ኮርሞራንት "ይቅርብኝ" ያለው ለምን እንደሆነ ዋርሳዬ በሰፊው ታስረዳለች፦ የሚያሳድደው አልነበረም፣ ምግቡ ከሥሩ ውሃ ውስጥ ነው። "ቤቱ ሥራ የሚሠራ ሰው ታክሲ ምን ያደርግለታል?" ትላለች። ይህን ስትል ደግሞ እኔን አየት ታደርገኛለች፤ እኔ ኮርሞራንቱን አላየሁማ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት የማውቀው የውሃ ጉዞ ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ ነው፤ እሱንም ቢሆን መነኮሳቱ እየጸለዩልኝ ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት። የብሱን ስመርጥ ግን ፈሪ ተብዬ እንዳልቀር የምጠራው ምስክር አለኝ፤ ቻርለስ ዳርዊን። ደሴቶቹን ለዓለም ያሳወቀው ይህ ሰው ቢግል በምትባል መርከብ በ1831 ከእንግሊዝ ሲወጣ መርከቡ ገና ከመንቀሳቀሱ ያጥወለውለው ጀመር፤ እስኪመለስም አልተወውም። ወደ አምስት ዓመት ከፈጀው ጉዞ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ የሚሆነውን ያሳለፈው ወርዶ በየብስ ነው። ጋላፓጎስ በመስከረም 1835 ደርሶ አምስት ሳምንት ያህል ሲቆይ አራት ደሴቶች ላይ ወርዷል፤ አንደኛው ላይ ድንኳን ተክሎ ሰንብቷል። ዋርሳዬ "እሱ እኮ በመርከብ ነው የሄደው" ስትል እኔ "ታዲያ መርከቡን ጠይቂው፣ ምን አገኘ?" እላለሁ።

ተከራይነቱ ላይ ግን ዳርዊን አያኮራም። ኤሊ ጀርባ ላይ ወጥቶ ጋልቧል፤ ሚዛኑን መጠበቅ እንዳቃተውም ራሱ ጽፏል። አንዱን የባሕር ኢጓና ደጋግሞ ወደ ውሃ ወርውሮታል፤ እንስሳውም በወረወረው ቁጥር ወደዚያው ሰው ወደቆመበት ተመልሶ መጥቷል። የኤሊውንም ሥጋ በልቷል። ዛሬ ቢሆን በዚያው ቀን ዕቃው ከግቢ ውጭ ይጣልለት ነበር። እንዲያውም ፓርኩ የተቋቋመው የእሱ ታላቅ መጽሐፍ በወጣ በመቶኛው ዓመት፣ በ1959 ነው። በስሙ የሚጠራ የምርምር ጣቢያም ፖርቶ አዮራ ከተማ ዳር ቆሟል፤ ጣቢያው አጠገብ ኤሊ ይራባበታል። ከፒንታ ደሴት ዘር የመጨረሻው የነበረው ኤሊ ጆርጅ በ2012 የሞተውም እዚያው ነው፤ በድኑ ደርቆ እንዲቆይ ተደርጎ ለጎብኚ ይታያል።

የየብሱን ኑሮ ላውራ። ፖርቶ አዮራ ሳንታ ክሩስ ደሴት ላይ ያለች ትልቋ ከተማ ናት። አውሮፕላኑ ባልትራ ደሴት ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ጠባቧን ባሕር በጀልባ፣ ከዚያ ደሴቱን አቋርጦ ደግሞ በመኪና። የከተማዋ ትልቁ ትርዒት የዓሣ ገበያዋ ነው። አሻሻጯ ሴትዮ ዓሣ ስትበልት የባሕር አንበሳ ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን ሰቅሎ ቆሟል። ፔሊካኖቹ ከኋላዋ ሰልፍ ይዘዋል፤ ሰልፍ ማለቴ ግፊያ ነው። ሰዉ ሂሳብ ይከፍላል፣ አንበሳው አይከፍልም፤ ሁለቱም ዓሣ ይዘው ለመሄድ ነው የመጡት። ማብላት ክልክል ነው የሚለው ሕግ እዚያም ይሠራል። የዓሣው ጭንቅላት ግን እንዴት ከጠረጴዛው ላይ እንደሚወድቅ እግዜር ይወቅ።

ሌላዋ ደሴት ሳን ክሪስቶባል ላይ ይብሳል። ወደቡ ዳር ለሰው መቀመጫ ተብሎ የተሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ የባሕር አንበሳ ተጋድሞ ያንኮራፋል። የከተማው ሰው እያየ ያልፋል። ደክሞት የመጣ ሽማግሌ አየሁ፤ ወንበሩን አየ፣ እንስሳውን አየ፣ ሁለት ሜትሩን ለካና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ይህን ለማየት ነው ገንዘቤን ያወጣሁት እላለሁ። መርከብ እንስሳቱ ወዳሉበት ይወስድሃል፤ እዚህ ግን ወደ ሠላሳ ሺህ የሚጠጋ ሰው ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ከፍቶ፣ ልጁን ድሮ፣ ከእነሱ ጋር በጋራ ግቢ ሲኖር ታያለህ። ኮርሞራንት ፊልም ላይም አለ። ለባሕር አንበሳ ወንበሩን የሚለቅ ሽማግሌ ግን የት ይገኛል?

ወደ ደጋው ሲወጡ ደግሞ ኤሊዎቹ በገበሬ ማሳ ውስጥ ሣር እየጋጡ ይንቀሳቀሳሉ፤ አጥሩ የሚሠራው እነሱ እንዲያልፉ ታስቦ ነው። እዚያው ደጋ ላይ ቡና ይበቅላል። አረቢካ ነው፤ ሳን ክሪስቶባል ላይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተክለውታል። ባለቤቴ ቅጠሉን ስታይ፣ "የእኛ ልጅ ከእኛ ቀድሞ መጥቶ የመኖሪያ ፈቃድ አውጥቷል" አለች። የቀረበልን ስኒ ላይ ግን አስተያየት ከመስጠት ተቆጥባለች፤ እንግዳ ናትና።

የየብሱ ጉዞ መከራም አለው፤ መከራውም ከደሴት ደሴት የሚወስደው ፈጣን ጀልባ ነው። ዋጋው 30 ዶላር አካባቢ፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ። ሞተሮቹ ሲነሱ ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማዕበል ወገብ ላይ ይቆጠራል። ከኋላ መቀመጥ እንደሚሻል የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ወደቡ ላይ ሲጠብቁ በፈገግታ "እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች ጀልባዋ ስትጠጋ በክርናቸው ነው የሚነጋገሩት። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ወቅት ቀዝቃዛው ሞገድ ከደቡብ የሚመጣበት ስለሆነ ባሕሩ ይከፋል፤ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ውሃው ይሞቃል፣ ይረጋጋልም። መርከብ የጠላ ሰው የብስ ስለመረጠ ከማጥወልወል ያመለጠ አይምሰለው። ዋርሳዬ ሌሊት ተኝታ ያለፈችውን ባሕር እኔ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ እያየ ነው የተሻገርኩት።

አማቴ ከሁሉም ታሪክ የምትጠይቀኝ የፍየሉን ነው። ፍየል በመርከበኞች እጅ ወደ ደሴቶቹ ገብቶ ነበር። ተራብቶ ሣሩን ሲጨርስ ኤሊዎቹ ተራቡ፤ አከራይ ከተራበ ደግሞ ተከራይ ይባረራል። በ2006 ባበቃው ዘመቻ ከመቶ ሺህ በላይ ፍየል ተገደለ፤ ብዙው ከሄሊኮፕተር በጥይት። ተሸሽገው የቀሩትን ለማግኘት ራዲዮ ያሰሩለትን ፍየል ይለቃሉ፤ ፍየል ብቻውን መኖር ስለማይወድ ሄዶ ወገኖቹን ይቀላቀላል፤ ተኳሾቹ ተከትለው ይደርሳሉ። ስሙንም የይሁዳ ፍየል ብለውታል። አማቴ ይህን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች።

"ሥጋውንስ?"

"እዚያው ቀረ።"

"ያ ሁሉ ፍየል? ለበዓል የሚደርስ አንድ ሰው ጠፋ?"

"ለአፈሩ ይሆናል ተባለ።"

"ለአፈሩ!" አለች። ከዚያ ወዲህ ጋላፓጎስ በተነሳ ቁጥር በረካው ላይ የምትለው "በቃችሁ" ድምፁ ሌላ ሆኗል።

ነገሩ ከእኛ አገር የራቀ አይመስለኝም። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በ1978 መጀመሪያ የመዘገባቸው ቦታዎች 12 ናቸው። በመዝገቡ ተራ ቁጥር 1 የተሰጠው ጋላፓጎስ ነው፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮችም ከእነዚያው 12 ውስጥ ናቸው። ጋላፓጎስም ሰሜን ተራሮችም አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብተው ወጥተዋል፤ ጋላፓጎስ ከ2007 እስከ 2010፣ የእኛው ከ1996 እስከ 2017። በመካከሉ በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ተነስተው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። ዋልያው ቤቱን አገኘ። ሰውና አውሬ ባንድ ግቢ እንዴት ይደር የሚለውን ግን ማንም አገር አጥርቶ አልመለሰውም፤ እኔ ፖርቶ አዮራ ላይ ቆሜ ወገቤን እያሻሸሁ ከጎበኘሁት ነገር ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። መርከብ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት ደወል ተደውሎ እራት ይቀርብ ነበር።

ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። ኢኳዶር ልንሄድ ነው ስለው መሪውን ይዞ ሳቀ። ኢኳዶር በ2008 ለሁሉም አገር ዜጋ ቪዛ አንስታ ነበር፤ በ2010 የኢትዮጵያን ጨምሮ የጥቂት አገሮችን ዜጎች መልሳ ቪዛ ጠየቀች። በዚያች ክፍተት ብዙ የአገራችን ልጆች ኪቶ ላይ አርፈው ወደ ሰሜን ተጉዘዋል፤ ኮሎምቢያን፣ የፓናማን ጫካ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ በእግርም በመኪናም። እሱ ከእነዚያ አንዱ ነው። "አንተ ከፍለህ ነው የምትሄደው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በመርከብ ነው በየብስ?" በየብስ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ "የብሱን እኔ ሞክሬዋለሁ፤ መርከብ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለኝ። ያን ቀን ሂሳብ አልተቀበለኝም።

ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ ለጫጉላ ጊዜው ሊሄድ ነውና ምክር ጠየቀ። ዋርሳዬ የመርከቡን ፎቶ አወጣች፤ እኔ የሽማግሌውን ታሪክ አወጣሁ። ባለቤቴ ሁለታችንንም አዳምጣ በራሷ ሐሳብ መጣች፤ ለጥቂት ቀን የብስ ላይ ተቀምጠው ከዚያ አራት አምስት ቀን በመርከብ ይዙሩ። ቀን የማያጣድፋቸው ከሆነ ፖርቶ አዮራ መንገድ ላይ ያሉት ወኪሎች ሊነሳ የደረሰ መርከብ ላይ ባዶ የቀረ አልጋ በቅናሽ ይሸጣሉ። ሙሽራዋ "አልጋው ስንት ሜትር ነው?" ብላ ጠየቀች። ዋርሳዬ በእጇ ለካች። ሙሽራዋ የእጇን ስፋት አይታ ዝም አለች። ወሬው ወደ ሠርጉ አዳራሽ ዞረ።

ዋርሳዬ ግን ከዚያ ጉዞ ያልጨረሰችው አንድ ጉዳይ አላት። ፍሎሪያና ደሴት ላይ የፖስታ ወሽመጥ የሚባል ቦታ አለ። በድሮ ጊዜ የዓሣ ነባሪ አዳኞች እዚያ በርሜል አቁመው ደብዳቤ ይከቱበት ነበር፤ ወደ አገሩ የሚመለስ መርከብ አንስቶ ያደርሳል። ቴምብር የለም፣ ፖስተኛ የለም። ዛሬም ጎብኚው ካርድ ጥሎ ይሄዳል፤ ከበርሜሉ ውስጥ ደግሞ ለሰፈሩ የሚቀርብ አድራሻ ያለበትን መርጦ ይወስድና በእጁ ያደርሳል። ሰው በሄደ ቁጥር ኪሎው እስኪሞላ ዕቃ የምንልክ ሰዎች ይህ ደንብ አይገርመንም። ዋርሳዬ ፊላደልፊያ የሚል ካርድ አነሳች። ከዚያ ወዲህ ካርዱ የማቀዝቀዣዋ በር ላይ በማግኔት ተለጥፎ አለ።

"ፖስታ ቤት ወስደሽ ላኪው" ይላታል የሰማ ሁሉ።

"በእጅ ነው የሚደርሰው፤ ቃል ነው።"

"ታዲያ አድርሺዋ።"

"የማላውቀው ሰው ቤት ባዶ እጄን ልሂድ?"

በዚህ ምክንያት ድፎ ዳቦ ሊጋገር ታስቧል። ድፎው ሊጋገር ሲል ጾም ይገባል፤ ጾሙ ሲፈታ እሷ የሌሊት ፈረቃ ትሆናለች። ባለፈው ደወለችልኝ። ቅዳሜ ፊላደልፊያ እንሂድ፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ዳቦውን እይዛለሁ አለች። እኔ ለምን እንደምነዳ ስጠይቃት፣ "የየብሱን ጉዞ የምታውቅበት አንተ አይደለህም እንዴ?" ብላ ስልኩን ዘጋች።